የበሬ ጎድንን በጭስ ማብሰልና ቋንጣ ማዘጋጀት፦ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ነዋሪዎች የቀረበ የምግብ ደኅንነት መረጃ

በጭስ የተዘጋጀ ሥጋ ማለት በጨው ከታሸ በኋላ ከሚነድ እንጨት በሚወጣ ጭስና ሙቀት የደረቀ ወይም የበሰለ ሥጋ ነው። በሰሜን ወሎ ዞን በወልድያ ከተማ፣ በመርሳ ከተማና በሀብሩ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች ይህ ሥራ ይበልጥ የሚታወቀው ከምድጃ በላይ በሚሰቀል ቋንጣ ነው። ጎድንን ከነአጥንቱ በጭስ ማብሰል ለሚፈልግ ቤተሰብም ከዚህ በታች ያለው መረጃ ያገለግላል።

ጭስ ለሥጋው ጣዕም ይሰጣል፣ ገጹን ያደርቃል፣ ዝንብንም ያርቃል። በሥጋው ውስጥ ያለን በሽታ አምጪ ተሕዋስ ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋም። በርበሬ፣ አዋዜና ሚጥሚጣም እንዲሁ። የሥጋውን ደኅንነት የሚያረጋግጡት በእርድ ጊዜ የሚደረገው ምርመራና እስከ ሥጋው ውስጥ ዘልቆ የሚደርሰው ሙቀት ናቸው። ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ሥጋ በብዛት ወደ ቤት የሚገባባቸው ጊዜያት

በአካባቢው የክርስትናና የእስልምና እምነት ተከታዮች አብረው ስለሚኖሩ፣ እርድ በፋሲካ፣ በገና፣ በመስቀል እንዲሁም በዒድ አል አድሐ (አረፋ) በዓላት ይበዛል። በቅርጫ የተካፈለ ቤተሰብ የመደቡን ሥጋ የሚረከበው በአንድ ቀን ነው፤ ማቀዝቀዣ ከሌለው የተረፈውን በዚያው ቀን መዘልዘል ይኖርበታል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ፣ በዓሉን ተከትሎ የሚዘጋጀው ቋንጣ በእነዚህ ሳምንታት ይበላል። ለመስቀል የሚዘጋጀው ደግሞ ክረምቱ ገና እንደወጣ፣ አየሩ እርጥበት ሳይለቅ የሚሰቀል በመሆኑ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

የተመረመረ ሥጋ ስለማግኘት

የሥጋ ምርመራ በኢትዮጵያ በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 ነው። በከተማ ከማዘጋጃ ቤት ቄራ የሚወጣ ሥጋ የመርማሪው ማኅተም ሊኖረው ይገባል። ሸማቹ ከሥጋ ቤት ሲገዛ ማኅተሙን አሳዩኝ ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ቄራ በሌለባቸው የገጠር ቀበሌዎች ቅርጫ ያቀዱ ቤተሰቦች የቀበሌያቸውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከእርዱ ቀን አስቀድመው ማነጋገር ይገባቸዋል። ባለሙያው እንስሳው በሕይወት ሳለ አቋቋሙን፣ አተነፋፈሱንና የሰውነቱን ሙቀት ይመለከታል። ከእርድ በኋላም ምላስን፣ ልብን፣ ጉበትን፣ ሳንባንና ጡንቻን ይመረምራል። በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ ያ ክፍል ይቀበራል እንጂ ለውሻ አይሰጥም። ውሻ ሲበላው በአንጀቱ የሚያድገው ትል በዓይነ ምድሩ በሚወጡ እንቁላሎች አማካይነት ተመልሶ ሰውን ይይዛል።

ጭስ የማያጠፋቸው ሁለት በሽታዎች

አባ ሰንጋ፦ ይህ በሽታ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው የታመመውን ወይም የሞተውን እንስሳ በመንካት፣ በመግፈፍና ሥጋውን በመብላት ነው። ተሕዋሱ የሚሠራው ጠንካራ ዘር በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ጨው፣ ፀሐይ፣ ጭስና የተለመደው የወጥ ማብሰያ ጊዜም አያስተማምኑበትም። ስለዚህ በድንገት የሞተን ወይም ሊሞት ሲል የታረደን ከብት ሥጋ ቋንጣ አድርጎ ለማትረፍ መሞከር ቤተሰቡን፣ አብረው የተካፈሉትን ጎረቤቶችና ቆዳውን የገፈፈውን ሰው ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከኋላው የማይረጋ ደም የሚታይበት የሞተ ከብት አይከፈትም፣ አይገፈፍም፣ አይጎተትም። ባለሙያ እስኪደርስ ሰውና ውሻ እንዳይቀርቡት ይጠበቃል፤ በባለሙያው መመሪያ መሠረት በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። አንድ በሬ መሞት ለገበሬ ቤተሰብ ከባድ ኪሳራ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ሥጋውን መካፈል ኪሳራውን ከንብረት ወደ ሰው ያሸጋግረዋል።

የኮሶ ትል፦ የትሉ ዕጭ በበሬ ጡንቻ ውስጥ ትንሽ ውኃማ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ሥጋውን በጥሬው ወይም ለብ ለብ ብሎ ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ሆኖ ያድጋል። ትሉ ወደ ከብት የሚመለሰው ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከሣሩ ጋር ስለሚጋጥ ነው፤ በመሆኑም መጸዳጃ ቤት መጠቀም ከብቱንም ሰውንም ይጠብቃል። ሥጋን እስከ ውስጡ ማብሰል ዕጩን ይገድለዋል። ከዓይነ ምድር ጋር ነጭ ቁርጥራጭ የሚያይ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ መድኃኒት ማግኘት ይችላል። የኮሶ አበባ ልኩ ሲያልፍ ጉዳት የሚያደርስ በመሆኑ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴትና ለሕፃናት መስጠት አይገባም።

ጎድንን በጭስ ማብሰል

ጎድን አጥንትና ስብ ያለበት ወፍራም ሥጋ ነው። እንደ ቋንጣ ሰቅሎ ለማድረቅ አይመችም፤ ውጪው ሲደርቅ ከአጥንቱ አጠገብ ያለው እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ መበላሸትም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በመሆኑም ጎድን በጭስ ሲዘጋጅ መብሰል አለበት። በእጅ ሊነካ የሚችል ቀዝቃዛ ጭስ አያበስለውም።

የምግብ ሙቀት መለኪያ ያለው ሰው በሥጋው ወፍራም ክፍል ውስጥ፣ አጥንት ሳይነካ፣ ሙቀቱ ቢያንስ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ያረጋግጥና ከእሳት አውጥቶ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ያቆየዋል። ጎድን ለስልሶ ከአጥንቱ እንዲላቀቅ ግን ከዚህ በጣም የበለጠ ሙቀትና የብዙ ሰዓት ትዕግሥት ያስፈልገዋል። የሥጋው ቀለም አስተማማኝ መለኪያ አይደለም፤ በጭስ የበሰለ ሥጋ ሙሉ በሙሉ ቢበስልም ከገጹ ሥር ቀላ ብሎ ሊታይ ይችላል።

መለኪያ ለሌለው ቤተሰብ የሚመከረው አስቀድሞ መቀቀል፣ ከዚያ በጭስ መጨረስ ነው። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው፦

1. እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ቢላዋና መክተፊያውን በሙቅ ውኃና በሳሙና ማጠብ። ሰላጣና ሌላ ጥሬ የሚበላ ነገር በዚያው መክተፊያ አይከተፍም።
2. ጎድኑን በጨውና በነጭ ሽንኩርት በትልቅ ድስት፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ እስኪላቀቅ መቀቀል። ወልድያ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዝቅ ብላ በምትገኘው በመርሳም ከ100 ዲግሪ በታች ነው። ስለዚህ ለባሕር ጠለል ከተጻፈ የማብሰያ ጊዜ የበለጠ መቀቀል ያስፈልጋል።
3. ከድስቱ አውጥቶ ውኃውን ማንጠፍጠፍና ቁንዶ በርበሬ ወይም አዋዜ መቀባት።
4. ከቤት ውጪ በተዘጋጀ ክዳን ባለው ምድጃ ከሰሉን በአንድ ወገን፣ ሥጋውን በሌላው ወገን አድርጎ፣ ከሰሉ ላይ ደረቅ የወይራ ፍልጥ ጣል እያደረጉ ጭሱ እንዲያገኘው ማድረግ። ሥጋው በቀጥታ ከእሳቱ በላይ ከተቀመጠ ስቡ እየተንጠባጠበ ነበልባል ያስነሳል፤ ከዚህ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ለካንሰር የሚያጋልጡ ንጥረ ነገሮችን በሥጋው ላይ ያስቀምጣል። ያረረው ክፍል ተቆርጦ ይጣላል።
5. ትኩሱን ማቅረብ። የበሰለ ሥጋ ከማቀዝቀዣ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ በሀብሩ ቆላማ ቀበሌዎች ሙቀቱ ሲበረታ ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ዝቅ ይላል። በማቀዝቀዣ ያደረ ሥጋ ሲወጣ እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ እንደገና ይሞቃል።

ቋንጣ ማዘጋጀት

ለቋንጣ የሚሆነው ስብና አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ነው። ስብ አይደርቅም፤ ውሎ አድሮም ይኮመጥጣል። ሥጋው በእርዱ ቀን፣ ውፍረቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ ይዘለዘላል። ለ1 ኪሎ ግራም ሥጋ ከ25 እስከ 30 ግራም አዮዲን ያለው ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ በእኩል ይታሻል። በርበሬው የሚጨመረው ከጨው ጋር ነው እንጂ በጨው ምትክ አይደለም።

ዘልዛላው እርስ በርሱ ሳይነካካ በንጹሕ ገመድ ላይ ይሰቀላል። ነፋስ እንዲያገኘው፣ አቧራና ዝንብ እንዳይነካው በስስ ጨርቅ ይከለላል። በወልድያ ቀዝቃዛ ምሽት ጤዛ እንዳያርሰው ወደ ቤት ይገባል። በመርሳና በዙሪያዋ ሙቀቱ ያፋጥነዋል፤ ሆኖም ሳይደርቅ የሚበላሸውም በዚያው ሙቀት ስለሆነ ዘልዛላው ይበልጥ ስስ ቢሆን ይመረጣል። በእርጥብ ወራት ከምድጃ በላይ ሰቅሎ በጭስ ማድረቅ የሚጠቅመው ጭሱ ሙቀትና የአየር እንቅስቃሴ ስለሚጨምር ነው። ሽታው የተለወጠ፣ ያዛለገ ወይም የሻገተ ሥጋ ታጥቦ አይመለስም፤ ይጣላል።

የደረሰ ቋንጣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ውስጡም እርጥብ አይደለም። በንጹሕ፣ ደረቅና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ተቀምጦ በአንድ ወይም በሁለት ወር ውስጥ ቢበላ ይመረጣል። መድረቅ ተሕዋስያን እንዳይራቡ ያግዳል እንጂ ሁሉንም ስለማይገድል፣ ቋንጣ በወጥ ወይም በፍርፍር መልክ በደንብ በስሎ መበላት አለበት። ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ሳይበስል ከመብላት መቆጠብ ይገባቸዋል።

እንጨት፣ ከሰልና የቤት ውስጥ ጭስ

የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ወይራ ሥጋን ለማጨስም ተስማሚ ነው። ደርቆ የቆየ የብርቱካን ቅርንጫፍም ያገለግላል። ሙጫ የሚበዛበት ጥድና ዘይታማው ባሕር ዛፍ ጣዕሙን ያበላሻሉ። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ኮምፖልሳቶ፣ ፕላስቲክና ጎማ መርዛማ ጭስ ስለሚያወጡ ፈጽሞ አይነዱም። ኬሚካል ወይም የሞተር ዘይት የነበረበት በርሜልም ለምድጃነት አይውልም።

የከሰል ጭስ ጋዝ ሽታና ቀለም የለውም፤ በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሊገድል ይችላል። ሥጋ ለማጨስ የተቀጣጠለ ከሰል ለሙቀት ተብሎ ወደ መኝታ ቤት አይገባም። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። በማድ ቤት ሥጋ በሚጨስበት ጊዜም ሕፃናት ከጭሱ እንዲርቁ፣ በሩና መስኮቱ እንዲከፈት ያስፈልጋል።

አገልግሎት የት ይገኛል?

ለእርድ ምርመራ፦ በከተማ የማዘጋጃ ቤት ቄራ፤ በገጠር የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም የወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት።

ድንገተኛ የከብት ሞት ለማሳወቅ፦ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ። ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ማሳወቅ ይመረጣል፤ አንዱ ለከብቱ፣ ሌላው ለሰዎቹ ክትትል ያደርጋሉና።

ስለ ምግብ ንጽሕናና መጸዳጃ ቤት ምክር፦ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አማካይነት በየቀበሌው ጤና ኬላ።

ለሕክምና፦ በአቅራቢያ የሚገኝ ጤና ጣቢያ፤ ከፍ ያለ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕሙም ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይላካል። ሥጋ ከተበላ ወይም ከብት ከተገፈፈ በኋላ መሐሉ ጥቁር የሆነና የማያም ቁስል፣ የፊት ወይም የአንገት እብጠት፣ ትኩሳት ያለበት ከባድ የሆድ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከታየ ሳይዘገዩ መሄድ ያስፈልጋል። አባ ሰንጋ በጊዜ ሲደረስበት በፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ይታከማል። ሕሙሙ የበላውን ሥጋ ምንነትና ከማን ጋር እንደተካፈለ ለባለሙያው ሳይደብቅ መንገር አለበት፤ ይህም ከዚያው መደብ የወሰዱት ሌሎች ቤተሰቦች ሳይታመሙ እንዲደረስላቸው ያስችላል።