በአሸዋ ላይ የተጻፈ መልስ

ሲቫፕራካሳም ፒላይ ወደ ቲሩቫናማላይ ከተማ የመጣው ለመንግሥት ሥራ ነበር። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1902 ነው፤ ደቡብ ሕንድ በእንግሊዞች አገዛዝ ሥር ናት። ፒላይ ፍልስፍና የተማረ፣ በደቡብ አርኮት አውራጃ የገቢ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ነው። ከከተማዋ በላይ ጎልቶ በሚታየው በአሩናቻላ ተራራ፣ ቪሩፓክሻ በተባለው ዋሻ፣ የማይናገር አንድ ወጣት መናኝ እንዳለ ሰማና አቀበቱን ወጣ። ከፊቱ ተቀምጦም በልቡ ሲመላለስ የኖረውን ጥያቄ አወጣው፦ እኔ ማን ነኝ?

መናኙ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አሸዋው ላይ ጻፈለት። ፒላይ ቀጥሎ ጠየቀ፤ መናኙም ቀጥሎ ጻፈ፤ አንዱን በአሸዋ፣ አንዱን በሰሌዳ፣ ሌላውን በወረቀት። ጥያቄዎቹ 14 ደረሱ። የአሸዋ ጽሑፍ ዕድሜ የለውም፤ ፒላይ ግን መልሶቹን መዝግቦ ያዛቸው። በ1923 በታሚል ቋንቋ የታተመችው «እኔ ማን ነኝ?» የተባለች ትንሽ መጽሐፍ የተገኘችው ከዚያ ማስታወሻ ነው። ራስን መመርመር የሚባለውን የሂንዱ መንፈሳዊ ጎዳና ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከእርሷ የቀረበ በር አላውቅም።

ልጁና የሞት ፍርሃት

የመናኙ የልጅነት ስም ቬንካታራማን ነው። ዲሴምበር 30 ቀን 1879 ቲሩቹሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በ1892 ሲሞቱ ማዱራይ ከተማ አጎቱ ቤት ገባ፤ በአሜሪካ ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተማረ። ኳስና ትግል የሚወድ፣ ለጥናት እምብዛም የማይጨነቅ ልጅ ነበር። እንቅልፉም የተለየ ከባድ ስለነበር እኩዮቹ በተኛበት ቢደበድቡት እንኳ አይነቃም።

በጁላይ 1896፣ 16 ዓመቱ ሳለ፣ በአጎቱ ቤት ፎቅ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ጤናው ደኅና ነው። ድንገት «መሞቴ ነው» የሚል ፍርሃት ያዘው። ሰው አልተጣራም፤ ሐኪም ጥሩልኝም አላለም። ወለሉ ላይ ተጋደመ፤ እጅ እግሩን እንደ ሬሳ ዘረጋ፤ ትንፋሹን ይዞ ከንፈሩን ገጠመ። ከዚያ ራሱን ጠየቀ። ይህ ሥጋ ይሞታል፤ ተሸክመው ወስደው ያቃጥሉታል፤ አመድ ይሆናል። ታዲያ ሥጋው ሲሞት እኔም አብሬ ሞትሁ ማለት ነው? አካሉ እንደ በድን ተዘርግቶ ሳለ «እኔ» የሚለው ህልውና ሳይደበዝዝ በውስጡ ነበር። በኋላ እንደተናገረው፣ የሞት ፍርሃት ከዚያች ሰዓት ወዲህ ተመልሶ አልመጣበትም።

ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ኦገስት 29 ቀን፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሦስት ጊዜ እንዲገለብጥ በቅጣት ታዘዘ። ሁለቱን ጨርሶ ሦስተኛውን ተወውና ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ታላቅ ወንድሙ አይቶት፣ እንዲህ ለሚኖር ሰው ትምህርቱ ምን ያደርግለታል ሲል ተቆጣው። ልጁ ነገሩ እውነት ሆኖ ታየው። ወንድሙ የኮሌጅ ክፍያ እንዲያደርስለት ካዘዘው 5 ሩፒ 3ቱን ብቻ ያዘ፤ 2ቱን ከደብዳቤ ጋር ትቶ ወጣ። በደብዳቤው ማንም እንዳያዝንና እንዳይፈልገው ለመነ፤ የወንድሙ ክፍያ አለመከፈሉንም መጻፍ አልዘነጋም። ሴፕቴምበር 1 ቀን ቲሩቫናማላይ ደረሰ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከዚያ ተራራ አልራቀም።

መጀመሪያ በከተማዋ ታላቅ ቤተ መቅደስ፣ ባለ ሺህ ምሰሶው አዳራሽ ተቀመጠ። ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት ከምድር በታች ወዳለ ጨለማ ክፍል ገባ። በዚያም ተባይ ጭኑን እየበላው አልተነሣም፤ በመጨረሻ ሰዎች ተሸክመው አወጡት። ወደ ቪሩፓክሻ ዋሻ የገባው ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ነው።

የአእምሮ ሥር

ሕንድ ለዚህ ጥያቄ አዲስ አይደለችም። ኡፓኒሻድ የተባሉት ጥንታዊ መጻሕፍት አትማን የሚሉትን የሰውን እውነተኛ ማንነት፣ ብራህማን ከሚሉት የሁሉ መሠረት ጋር ያስተሳስሩታል። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ከኬራላ የተነሣው ሻንካራ ሁለቱ ፈጽሞ አንድ ናቸው ሲል በሐተታዎቹ ተነተነው፤ ትምህርቱም አድቫይታ፣ ማለትም ሁለትነት የሌለበት፣ ይባላል። በዚህ ወግ ተማሪ በመምህር እግር ሥር ተቀምጦ መጻሕፍቱን ይሰማል፣ ያወጣል ያወርዳል፣ ውሎ አድሮ ይገባዋል። የማዱራዩ ልጅ ግን ሺቫ የተባለውን አምላክ ካመለኩ ቅዱሳን ገድል በቀር ይህ ነው የሚባል የሃይማኖት መጽሐፍ አላነበበም ነበር። የአድቫይታን መጻሕፍት የገለጠው ከመነነ በኋላ ነው፤ በውስጣቸውም ቀድሞ በራሱ ላይ የደረሰውን አገኘ።

ለፒላይ የጻፈለት መልስ በአእምሮ ላይ ያተኩራል። አእምሮ የሐሳቦች ክምችት ነው ይላል፤ ሐሳብ ሁሉ ቢወገድ አእምሮ ተብሎ ለብቻው የሚገኝ ነገር የለም። ከሐሳቦች ሁሉ የመጀመሪያው ደግሞ «እኔ» የሚለው ነው። «ተናደድሁ»፣ «ፈራሁ»፣ «ይህ የእኔ ነው» የሚሉት ሁሉ በእርሱ ላይ ይበቅላሉ። ድብን ያለ እንቅልፍ ውስጥ ስንገባ ሐሳብም ዓለምም ይጠፋሉ፤ ስንነቃ ግን ደኅና ተኛሁ እንላለን እንጂ አልነበርሁም አንልም። እንግዲህ አእምሮ በሌለበትም የነበረው ማን ነው?

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አንድ ሠራተኛ በአለቃው ተዘልፎ ቤቱ ገባ እንበል። ነገሩን እየደጋገመ ያብሰለስላል፤ እንዲህ ብለው ኖሮ እያለም ይብከነከናል። ራሱን የሚመረምር ሰው ከሐሳቡ ጋር አይታገልም፤ ተከትሎትም አይነጉድም። ይህ ሐሳብ የመጣው ለማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ለእኔ። ያ እኔ ማን ነው? በዚህ ጊዜ ወደ ውጭ ይሮጥ የነበረው ልብ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ሐሳቡም የሚመገበው ያጣና ይከስማል። ሌላ ሲመጣ እንዲሁ ነው። ጥያቄውም ቢሆን ለዘለዓለም የሚቆይ አይደለም፤ ሬሳ የሚቃጠልበትን እሳት የሚቆሰቁሱበት እንጨት በመጨረሻ ራሱም እንደሚቃጠል፣ «እኔ ማን ነኝ» የሚለው ሐሳብም ሌሎቹን አጥፍቶ አብሮ ይጠፋል።

ጥያቄው እንደ ጸሎት የሚደጋገም ቃል አይደለም፤ «እኔ አምላክ ነኝ» ብሎ በአፍ መመለስም መልስ አይሆንም። እንቅልፍ በሚመስል ፍዘት እንዳይረኩም መናኙ አስጠንቅቋል፤ የረጋ አእምሮ ሥሩ ካልታየ ሲነቃ ያው ነውና።

ከዋሻ ወደ ዓለም

በ1907 ጋናፓቲ ሙኒ የተባሉ የሳንስክሪት ሊቅ መናኙን ራማና ማሃርሺ ብለው ሰየሟቸው። በ1916 እናታቸው አላጋማል ከእርሳቸው ጋር ሊኖሩ ተራራው ላይ ወጡ፤ በ1922 ሲያርፉም በተራራው ግርጌ ተቀበሩ። አሽራም የሚባለው የማሃርሺና የተከታዮቻቸው መኖሪያ የተመሠረተው በመቃብራቸው ዙሪያ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ፖል ብራንተን በ1931 መጥቶ ያየውን በ1934 ባሳተመ ጊዜ የማሃርሺ ስም ከሕንድ ውጭ ተሰማ።

ቤታቸውን ጥለው ለመመነን ፈቃድ የሚጠይቁ ብዙዎች ነበሩ። በ16 ዓመታቸው የመነኑት ሰው ግን ትዳርና ሥራ ለራስ ምርመራ እንቅፋት አይደሉም ይሏቸው ነበር፤ ዱር ቢገቡም አእምሯቸው አብሯቸው ይገባልና።

ትምህርቱን ሁሉም አይቀበለውም። ከሂንዱዎቹ ሊቃውንት ራማኑጃና ማድቫ ነፍስና አምላክ ፈጽሞ አንድ ናቸው መባሉን ተከራክረዋል፤ ቡድሂስቶች ቋሚ ማንነት የሚባለውን ራሱን ይክዳሉ። ፈጣሪና ፍጡር የተለያዩ ናቸው ብሎ የሚያምን ክርስቲያንና ሙስሊምም የሻንካራን መደምደሚያ አይጋራም። ይህን ልዩነት መሸፋፈን ለማንም አይጠቅምም።

በማሃርሺ ግራ ክንድ ላይ ሳርኮማ የተባለው ካንሰር ሲወጣ በ1949 ተደጋጋሚ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ክንዱ ይቆረጥ ሲባሉ እንቢ አሉ። ተለይተውን ሊሄዱ ነው ብለው ለሚያለቅሱትም የምሄድበት የት አለና የሚል መልስ ሰጡ። ኤፕሪል 14 ቀን 1950 ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ47 አረፉ።

እኔ ከዚህ ታሪክ አብልጬ የማከብረው ጥያቄውን ከዋሻ ያወጣው ደመወዝተኛ መሆኑን ነው። ፒላይ ጠይቆ ባይመዘግብ ኖሮ ያ መልስ ከአሸዋው ጋር በጠፋ ነበር። የማሃርሺን መደምደሚያ መቀበል የየእምነታችን ጉዳይ ነው፤ ጥያቄያቸው ግን የሃይማኖት አጥር የለበትም። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ቁጣ ወይም ፍርሃት ሲይዝዎት ማን አመጣብኝ ከማለትዎ በፊት ለማን መጣ ብለው አንድ ጊዜ ይጠይቁ፤ መልሱንም ከሰው አይዋሱ።