የተማሪን ሥራ ማን ይዳኛል?
ስለ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ዳኝነትና ስለ ተማሪዎች የሥነ ጥበብ ትርኢት አጭር የታሪክ ጥናት

የተማሪዎች የሥነ ጥበብ ትርኢት በተከፈተ ጊዜ የተመልካቹ ዓይን የሚያርፈው በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሥራ ነው። ይህ ይሰቀል፣ ያ ይቅር ብለው የወሰኑትን ሰዎች የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሥራውን ለውድድር ያቀረበ ልጅ ብሩሹን ወይም ካሜራውን አጥብቆ እንዲይዝ፣ ወይም ፈጽሞ እንዲጥል የሚያደርገው አንዳንድ ጊዜ የእነዚህ ሰዎች አንድ ቃል ነው። እነርሱም ብዙውን ጊዜ ስመ ጥር ሠዓሊዎች ሳይሆኑ በክፍል ውስጥ ረዥም ዘመን ያስቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ይህ የመምህራን ዳኝነት ከየት እንደ መጣ፣ በምን መመዘኛ እንደ ተመራና ኃይሉ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት የተማሪዎች ውድድርና ትርኢት ረዥም ታሪክ ካላቸው ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የጽሑፉ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ የመምህር ልምድ ለዳኝነት ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ልምድ ብቻውን ፍርድን ትክክል ስለማያደርገው ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ ሥርዓቱ ቢሟላም ከዳኞቹ በላይ የሆነ ሥልጣን ፍርዱን የሚሽርበት ጊዜ አለ።

፩. በመለኪያ የሚፈርድ ዳኛ

በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የሥዕል ትምህርት በመንግሥት ገንዘብ የተስፋፋው ከውበት ፍቅር ይልቅ በንግድ ምክንያት ነበር። በ1851 በሎንዶን የተደረገው ታላቁ ኤግዚቢሽን የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ዕቃ በቅርጽና በጌጥ ከሌሎች አገሮች፣ ይልቁንም ከፈረንሳይ፣ ያንሳል የሚለውን ሥጋት አጠነከረው። በሄንሪ ኮል መሪነት የተቋቋመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በአገሩ ሁሉ የሥዕል ትምህርትን በአንድ ሥርዓት አስያዘ። የየትምህርት ቤቱ ሥራ እየተጠቀለለ ወደ ሎንዶን ይላክ፣ በዚያም እየተመረመረ ሜዳይ ይሰጠው ነበር። ከ1863 ጀምሮ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ የሚከፈለው ገንዘብ ተማሪዎቹ በፈተና ከሚያገኙት ውጤት ጋር ተያያዘ።

ይህ ሥርዓት አንድ መልካም ነገር ነበረው። ተማሪው የቀረበለትን የጂፕሰም ቅርጽ ወይም ጌጥ አስመስሎ ስለሚሥል መርማሪው ሥዕሉን ከዋናው ጋር አስተያይቶ ስሕተቱን በጣቱ ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ አድልዎ ለማድረግ አስቸጋሪ ነበር። ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ በለጠ። የመምህሩ እንጀራ በመርማሪው ሚዛን ላይ ስለ ተንጠለጠለ መምህሩ የሚያስተምረው የሚመዘነውን ብቻ ሆነ። ተማሪው አንድ የሐውልት ሥዕል በእርሳስ ነጥብ እያጠቆረ ለመጨረስ ብዙ ሳምንታት፣ አልፎ አልፎም ወራት ያሳልፍ ነበር። በልኬት የማይገኝ ነገር፣ ይኸውም ልጁ ራሱ ያየውና ያሰበው፣ በፍርዱ ውስጥ ስፍራ አልነበረውም።

፪. የደድሊዋ መምህርት

ይህን አሠራር ከክፍል ውስጥ ሆነው ከለወጡት መምህራን አንዷ ማርዮን ሪቻርድሰን ናት። በ1892 ተወልዳ በበርሚንግሃም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተማረች በኋላ በ1912 የከሰልና የብረት ሥራ በሞላበት በደድሊ ከተማ በልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት ሆነች። የማስተማሪያ ዘዴዋ እንደሚከተለው ነበር። ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እርሷም አንድን መንገድ፣ አንድን ገበያ ወይም የመሸ ሰዓት በቃል ትሥልላቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ በልቧ ያየችውን በቀለም ታወጣዋለች።

ይህ ዘዴ ስለ ዳኝነት ያመጣው ለውጥ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ቀድሞ መርማሪው ሥዕሉን የሚያስተያይበት ዋና ነገር በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታየው ነበር። አሁን ግን ዋናው በልጅቱ ልብ ውስጥ ነው። ሥዕሉ ከታየው ነገር ጋር ይስማማ እንደ ሆነ በመጀመሪያ ልታውቅ የምትችለው ተማሪዋ ብቻ ናት። መምህሩም ለመፍረድ ከፈለገ ዕድሜዋን፣ ቀድሞ የሠራችውንና የሄደችበትን መንገድ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ለረዥም ጊዜ ያስተማረ ሰው ከሩቅ መርማሪ የበለጠ ዳኛ የሆነበት ምክንያት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ግልጽ ሆነ።

በ1917 ሪቻርድሰን የተማሪዎቿን ሥዕሎች ይዛ ወደ ሎንዶን ሄደች። በዚያ ወራት ሮጀር ፍራይ የተባለው ሠዓሊና ሐያሲ በኦሜጋ የሥራ ቤት የልጆችን ሥዕል ያሳይ ነበር። ፍራይ በ1910ና በ1912 የእነሴዛንን ሥራ ለሎንዶን ሕዝብ በማሳየቱ ብዙ የተነቀፈ ሰው ነው። የደድሊ ልጃገረዶችን ሥራ ባየ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር እንዲታይ አደረገ፤ በዚያው ዓመትም በበርሊንግተን መጽሔት ስለ ልጆች ሥዕል ጻፈ። ሪቻርድሰንም በ1930 የሎንዶን የትምህርት ጽሕፈት ቤት የሥነ ጥበብ ተቆጣጣሪ ሆነች፤ በ1938ም የሎንዶን ልጆች ሥራ የቀረበበት ትልቅ ትርኢት በካውንቲ ሆል ተከፈተ።

ነገር ግን አዲሱ መንገድም የራሱ አደጋ ነበረው። በቪየና ከ1897 ጀምሮ የልጆች የሥነ ጥበብ ክፍል የመራው ፍራንስ ቺዜክ ልጁ በነፃነት ይሠራል ብሎ ያስተምር ነበር። የተማሪዎቹ ሥራ ከ1920 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በታየ ጊዜ ብዙ ሰው አደነቀው፤ አስተውለው የተመለከቱት ግን ሥዕሎቹ እርስ በርሳቸው መመሳሰላቸውን አዩ። ነፃ ነው የተባለው እጅ ሳይታወቀው የመምህሩን ፊት እያየ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ ዳኛ የሆነ መምህር ሊለየው የሚገባው ከባድ ነገር የልጁ የትኛው፣ የመምህሩስ የትኛው እንደ ሆነ ነው።

፫. የፒትስበርግ ውድድርና ተቃዋሚዎቹ

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሥራ በአገር ደረጃ ለመሸለም ከታሰቡት ሁሉ ታዋቂው፣ ሞሪስ ሮቢንሰን የስኮላስቲክ መጽሔት መሥራች በ1923 የጀመረው ሽልማት ነው። በመጀመሪያ ለድርሰት ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ሥነ ጥበብ ተጨመረበት፤ ትርኢቱም በፒትስበርግ በካርኔጊ ኢንስቲትዩት ይደረግ ነበር። ሽልማቱ ለአንድ ተማሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም በፊሊፕ ፐርልስታይን ታይቷል። ይህ የፒትስበርግ ልጅ በ1942 ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ተሸለመና ሥዕሎቹ በላይፍ መጽሔት ታተሙ፤ ኋላም ከአገሩ ታላላቅ ሠዓሊዎች አንዱ ሆነ።

የስኮላስቲክ ዳኞች ዛሬ የሚመሩባቸው መመዘኛዎች ሦስት ናቸው፤ ከራስ የመነጨ አዲስነት፣ የእጅ ብልኀትና የተማሪው የራሱ ድምፅ መታየት። ዳኞቹ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ መምህራን ናቸው፣ የተማሪውን ስም ሳያውቁ ይፈርዳሉ። ልብ ማለት የሚገባው ከሦስቱ በልኬት ሊመረመር የሚችለው አንዱ ብቻ መሆኑን ነው። በሄንሪ ኮል ዘመን የፍርዱ ሁሉ መሠረት የነበረው የእጅ ብልኀት አሁን ከሦስት አንድ እጅ ሆኗል።

ሆኖም ውድድሩን ከነመመዘኛው የተቃወሙ ነበሩ። ከኦስትሪያ ተሰዶ በአሜሪካ ያስተማረው ቪክቶር ሎወንፌልድ በ1947 ባሳተመው ስለ ልጆች የፈጠራና የአእምሮ ዕድገት በሚናገረው መጽሐፉ ውድድር ለልጅ እንደማይበጅ አስረዳ። እንደ እርሱ አሳብ የልጁ ዋጋ ያለው በሥራው ሂደት ውስጥ ነው፤ ሽልማት የሚያስብ ልጅ ግን ከራሱ ልምድ ይልቅ የዳኛውን ምርጫ መከተል ይጀምራል። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ለአንዱ ሜዳይ የሰጠ ዳኛ ለብዙዎች አልሰጠም፤ ያልተሰጣቸውም ልጆች ምክንያቱን ሳይሰሙ ሥራቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

፬. ልምድን በሥርዓት ማሠር

ለዚህ ተቃውሞ የተሰጠው መልስ ዳኝነቱን ማስቀረት ሳይሆን ማረም ሆነ። በአሜሪካ በ1972 የተጀመረው የኮሌጅ ቦርድ የከፍተኛ ምደባ የሥነ ጥበብ ፈተና የጽሑፍ ጥያቄ አልነበረውም፤ ተማሪው የሚያቀርበው የዓመቱን ሥራ ጥራዝ ነው። ይህንንም የሚመዝኑት የሁለተኛ ደረጃ መምህራንና የኮሌጅ አስተማሪዎች በአንድነት ናቸው። ማርክ መስጠት ከመጀመራቸው በፊት ናሙና የሆኑ ሥራዎችን አብረው ተመልክተው የአንዱ ሦስት የሌላው አምስት እንዳይሆን አሳባቸውን ያስማማሉ። አንድ ጥራዝም በአንድ ሰው ፍርድ ብቻ አይወሰንም።

በ2019 በጀመረው የትምህርት ዓመት ደንቡ ሲሻሻል ከጠቅላላው ውጤት 60 በመቶው ተማሪው አንድን ጥያቄ ይዞ ለረዥም ጊዜ ለመረመረበት ሥራ ተመደበ። ለዚህም 15 ምስሎችን ያቀርባል፤ ከእነዚህም ውስጥ ያለቀው ሥራ ብቻ ሳይሆን ሙከራውና ንድፉ ጭምር ይገኛል፤ አሳቡንም በጽሑፍ ያስረዳል። የቀረው 40 በመቶ ለአምስት የተመረጡ ሥራዎች ነው። በዚህ ዓይነት የሎወንፌልድ የሂደት አሳብ በተቃወመው በዳኝነት ውስጥ ራሱ ገባ ለማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በአገራችን በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ያርመዋል፤ ዳኛውና አስተማሪው አንድ ስለ ሆነ ልጁ ትናንት የት እንደ ነበረ ያውቃል። በትርኢት ዳኝነት ግን ስም ይሸፈናል፤ ዘመድና ወዳጅ እንዳይደላ ይህ የግድ ነው። መጋረጃው አድልዎን ሲከለክል መምህሩን ከሌላው ዳኛ የሚያበልጠውን ዕውቀት፣ ይኸውም ልጁን ማወቅን፣ አብሮ ይከለክላል። የሙከራ ምስሎችና የጽሑፍ መግለጫ የተጨመሩበት ጥቅም በዚህ ይታወቃል፤ የልጁን ስም ሳይገልጡ መንገዱን ይገልጣሉ።

፭. ካሜራና ኮምፒዩተር የጨመሩት ችግር

በ2014 በአሜሪካ የወጣው አገር አቀፍ የሥነ ጥበብ ትምህርት መመሪያ ከዳንስ፣ ከሙዚቃ፣ ከቴአትርና ከሥዕል ቀጥሎ የሚዲያ ሥነ ጥበብን ራሱን የቻለ አምስተኛ ዘርፍ አድርጎ ተቀበለ። ከዚህም በፊት ፎቶግራፍና ፊልም በተማሪዎች ውድድር ገብተው ነበር። የእነዚህ ዳኛ ከሥዕል ዳኛ የተለየ ድካም አለበት። ሥዕል በአንድ ጊዜ ይታያል፤ ፊልም ግን እስኪያልቅ መቀመጥን ይጠይቃል፤ ድምፁ፣ ቆረጣውና ቅደም ተከተሉ እየተለየ መመርመር አለበት። ከሁሉ በላይ ግን፣ ማማሩ ከልጁ ነው ወይስ ከመሣሪያው? ውድ ካሜራ ያለው ልጅ የጠራ ምስል ያመጣል፤ ያልፈለገውን ስልክ የያዘ ልጅም ጥሩ ዓይን ሊኖረው ይችላል። ዘርፉን ለብዙ ዓመታት ያስተማረ መምህር መሣሪያው በራሱ የሚሰጠውን ስለሚያውቅ በእርሱ ቶሎ አይደነቅም።

ይህ ዕውቀት ዛሬ ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። በሚያዝያ 2023 ቦሪስ ኤልዳግሰን የተባለ ጀርመናዊ በሶኒ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ውድድር ካሸነፈ በኋላ ምስሉ በሰው ሠራሽ አእምሮ የተሠራ መሆኑን ገልጦ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። የዚያ ውድድር ዳኞች ባለሙያዎች ነበሩ። ያለቀውን ሥራ ብቻ አይቶ መፍረድ ለባለሙያ እንኳ እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

፮. ከዳኞች በላይ ያለ ሥልጣን

ዳኞች በሥርዓት ቢፈርዱም ፍርዳቸው ላይጸና ይችላል። ከ1982 ጀምሮ የአሜሪካ ምክር ቤት አባሎች በየምርጫ ወረዳቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የሥዕል ውድድር ያደርጋሉ፤ ያሸነፈው ሥራ በዋሽንግተን ወደ ምክር ቤቱ በሚወስደው የምድር ውስጥ መተላለፊያ ለአንድ ዓመት ይሰቀላል። በ2016 በሴንት ሉዊስ ወረዳ በአካባቢው ዳኞች የተመረጠው የአንድ ተማሪ ሥዕል ፖሊሶችንና ሰልፈኞችን የሚያሳይ ሲሆን ከሰዎቹ አንዳንዶቹ የእንስሳ ራስ ነበራቸው። መነሻውም በ2014 በፈርግሰን የደረሰው ግድያና ሁከት ነበር።

ሥዕሉ ለወራት ያለ ክርክር ከተሰቀለ በኋላ በጥር 2017 አንድ የምክር ቤት አባል በእጁ አወረደው። የወረዳው ተወካይ ላሲ ክሌይ መልሶ ሰቀለው፤ ሌሎችም ደግመው አወረዱት። በመጨረሻ የሕንፃው አስተዳዳሪ ሥዕሉ የውድድሩን ደንብ ይተላለፋል ብሎ አስወገደው። ተማሪውና ተወካዩ ከሰሱ። በሚያዝያ 2017 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ዳኛ ጆን ቤትስ ሥዕሉ የተነሣው በያዘው አሳብ ምክንያት መሆኑ ብዙ እንደማያጠራጥር ቢቀበልም፣ ትርኢቱ የመንግሥት ንግግር ስለ ሆነ መንግሥት የሚሰቅለውን የመምረጥ መብት አለው ሲል ሥዕሉ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ አልተቀበለም።

የፍርዱ ትርጉም ለተማሪዎች ትርኢት ሁሉ ትምህርት ነው። ዳኞቹ ሥራው መልካም መሆኑን ይወስናሉ፤ ግድግዳው የማን እንደ ሆነ ግን አይወስኑም። ልጁም ሁለት ጊዜ ተዳኘ፤ አንደኛው በሥራው፣ ሁለተኛው በግድግዳው ባለቤት።

፯. መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ልኬት ብቻ አድልዎን ቢያስቀርም የልጁን አሳብ አብሮ ያስቀራል። ሁለተኛ፣ የመምህር ልምድ ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ነገር ግን መምህሩ የራሱን እጅ በተማሪው ሥራ ውስጥ አይቶ እንዳያመሰግን ከሌሎች ጋር መማከርና የሥራውን መንገድ መመርመር ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ ትርኢት የሚያዘጋጅ ሁሉ ምን ዓይነት ሥራ እንደማይሰቀል አስቀድሞ በግልጽ መናገር አለበት፤ ካልተናገረ ግን የዳኞቹን ውሳኔ ማክበር ይገባዋል። ትልልቆቹ በመካከላቸው ያልጨረሱትን ክርክር በአንድ ተማሪ ሥዕል ላይ መጨረስ ፍርድ ሊባል አይችልም።