ሳይገናኙ አብረው የተጫወቱት

ስሙኝማ! ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1967 ነው፤ አገሩ እንግሊዝ። በበርሚንግሃም ከተማ የተቋቋመ ሙዲ ብሉዝ የሚባል ባንድ ነበር። «ጎ ናው» በተባለው ዘፈኑ በ1965 መጀመሪያ የእንግሊዝን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ መርቷል። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ሁሉ ቁልቁል ሄደ። ባሲስቱ ለቀቀ፣ ዘፋኙ ዴኒ ሌይንም ተከተለው፤ በነሱ ፋንታ ጀስቲን ሄይዋርድና ጆን ሎጅ ገቡ። ሰማያዊ ሱፍ ለብሰው የሰው ዘፈን እየተጫወቱ ከክለብ ክለብ ሲንከራተቱ፣ አንድ ምሽት አንድ ታዳሚ መልበሻ ክፍላቸው ድረስ ገብቶ ልክ ልካቸውን ነገራቸው። እንዲህ ያለ መናኛ ባንድ አይቼ አላውቅም አላቸው። ይህን የሚያወሩት ራሳቸው ናቸው። ሱፉን አወለቁ፤ የሰው ዘፈን እርግፍ አድርገው ትተው የራሳቸውን መጻፍ ያዙ።

አሁን ወደ ማይክ ፒንደር ልውሰዳችሁ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ነው። ፒንደር ስትሪትሊ ኤሌክትሮኒክስ በተባለ ድርጅት ሠርቶ ነበርና ድርጅቱ የሚያመርተውን ሜሎትሮንን ውስጥ ውስጡን ያውቀዋል። ሜሎትሮን ከውጭ ሲያዩት ኪቦርድ የተገጠመለት ከባድ የእንጨት ሣጥን ነው። ክዳኑ ሲነሣ ግን በየቁልፉ ሥር አንድ አንድ የቴፕ ክር ተዘርግቶ ይታያል፤ ክሩ ላይ ቫዮሊን ወይም ሌላ መሣሪያ አንዲት ኖታ ይዞ ተቀድቷል። ቁልፉ ሲጫን ክሩ ይጎተትና ድምፁ ይወጣል፤ ጣት ሲነሣ ስፕሪንግ ስቦ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ክሩ የሚበቃው ለ8 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው! ተጫዋቹ ድምፁ ሳይቋረጥበት ጣቱን አንሥቶ ወደ ሌላ ኖታ መሻገር አለበት። ፒንደር ይህን ገደብ እንደ ስልት ተጠቀመበት፤ አንዱ ኖታ ሳያልቅ ሌላውን እየደረበ ቫዮሊኖቹን እንደ ማዕበል አስኬዳቸው።

እንግዲህ ዴካ የተባለው የሸክላ ኩባንያ ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነበረው። ስቴሪዮ ያኔ ገና የክላሲካል ሙዚቃ አድማጮች መደሰቻ ነበርና፣ ለወጣቱ ሙዚቃም እንደሚሆን በዴራም ቅርንጫፉ በኩል ማሳየት ፈለገ። የባንዱ ሰዎች ሲተርኩ፣ የታዘዝነው የድቮርዣክን «አዲሱ ዓለም» ሲምፎኒ በሮክ እንድንጫወት ነበር፣ እኛ ግን የራሳችንን ይዘን ገባን ይላሉ። የድምፅ መሐንዲሱ ዴሪክ ቫርናልስ ደግሞ እንዲህ ያለ ዕቅድ አልነበረም ባይ ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ለእኔ ትልቁ ነገር በእጃቸው የነበረው ሐሳብ ነው፦ ከንጋት ተነሥቶ በሌሊት የሚያበቃ የአንድ ተራ ሰው አንድ ቀን። ፒንደር ንጋቱን ጻፈ። ፍሉት ተጫዋቹ ሬይ ቶማስ ጠዋቱን፣ ሎጅ የምሳ ሰዓቱን ግርግር ያዙ። ሌሊቱ የሄይዋርድ ነው፤ «ናይትስ ኢን ዋይት ሳቲን»ን የጻፈው ገና በ19 ዓመቱ ነበር። ድራመሩ ግሬም ኤጅ ግጥም ጻፈ፣ ፒንደር በዚያ ጎርናና ድምፁ አነበበው።

እዚህ ላይ ነው ፒተር ናይት የሚመጣው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ የሚገባውን ያህል አልተነሣም። ናይት በዕድሜም በሙያም የቆየ አቀናባሪና የኦርኬስትራ መሪ ነው። ባንዱ በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ ዌስት ሃምፕስቴድ በሚገኘው የዴካ ስቱዲዮ ዘፈኖቹን ይቀዳል፤ ቅጂው ለናይት ይደርሰዋል። እሱ ደግሞ ዜማዎቹን አዳምጦ፣ አንዱ ዘፈን ካበቃበት ቀጣዩ እስኪጀምር ድረስ የሚያሻግር ሙዚቃ ይጽፋል። ኖቬምበር 3 ቀን ኦርኬስትራው ስቱዲዮ ገባና ድርሻው በዚያው አንድ ቀን ተቀዳ። ሸክላው ላይ የለንደን ፌስቲቫል ኦርኬስትራ ተባለ እንጂ ዴካ ለቅጂ የሚያሰባስባቸው ሙዚቀኞች ናቸው። ባንዱና ኦርኬስትራው አንድ ላይ ተቀምጠው አንዲት ኖታ አልተጫወቱም። ሁለቱን ያገናኛቸው የናይት ጆሮና ፕሮዲዩሰሩ ቶኒ ክላርክ ከቫርናልስ ጋር ያጋጠሙት ቴፕ ነው።

ብዙ ሰው ሄይዋርድ ሲያዜም ከኋላው የሚሰማው ቫዮሊን የኦርኬስትራው ይመስለዋል። አይደለም፤ የፒንደር ሜሎትሮን ነው። እውነተኛዎቹ ቫዮሊኖች ዘፈኑ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው የሚገቡት፤ መሻገሪያውን ለይቶ ለመስማት ጆሮን ማቅናት ይጠይቃል። ለእኔ የአልበሙ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ናይት ኦርኬስትራውን አግዝፎ ልጆቹን ሊውጣቸው ይችል ነበር፤ እሱ ግን የነሱን ዜማ ተከትሎ ጻፈ።

አልበሙ «ዴይስ ኦቭ ፊውቸር ፓስድ» ተብሎ በዚያው ወር ወጣ። በእንግሊዝ ከ27ኛ ደረጃ አላለፈም። አምስት ዓመት ቆይቶ በ1972፣ ከ7 ደቂቃ በላይ የሚሄደውን የሌሊቱን ዘፈን የአሜሪካ ሬዲዮኖች ደጋግመው ሲያሰሙት፣ ዘፈኑ በቢልቦርድ 2ኛ፣ አልበሙም 3ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ባንዱ ከ1967ቱ በኋላ ለቀጣዩ አልበሙ ኦርኬስትራ አልጠራም፤ መሣሪያውን ሁሉ ራሳቸው ተጫወቱት። በ1992 ግን በኮሎራዶ፣ ሬድ ሮክስ በተባለው ቲያትር ከሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር በአንድ መድረክ ቆመው ሕዝብ ፊት ተጫወቱ። ፒተር ናይት ያን ቀን አላየም፤ በ1985 አርፏል። ኦርኬስትራውን የመራው ላሪ ቤርድ ነበር።