የ3.00 ታሪክ

አንዲት ጓደኛ አለችኝ። አካውንቲንግ የተመረቀችው በ2.97 ነው። ባለፈው ኦሪጅናልና ኮፒዋን ይዛ ለአንድ ባንክ ልታመለክት ሄደች። ማስረጃ ተቀባይዋ ከስቱደንት ኮፒው ግርጌ ያለውን ቁጥር ብቻ አይታ «እህቴ፣ አልሞላሽም» ብላ መለሰችላት። ማስታወቂያው የሚለው 3.00 እና ከዚያ በላይ ነበር። ለሴቶች ወደ 2.75 ዝቅ የሚያደርጉ መሥሪያ ቤቶች አሉ፣ ይሄኛው ግን አላደረገም። በሦስት መቶኛ ነጥብ ከበር ተመለሰች ማለት ነው።

እኔም መቼም ጋዜጠኝነት ነው የተማርኩትና ጥያቄው አልለቀኝ አለ። ይሄ 3.00 የሚባል ነገር ከየት መጣ?

ድሮ አልነበረም። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ሆኖ የሚመራው በውጭ ሰዎች ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሲከፈት፣ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ዛሬ «ኮሜርስ» የምንለው እሱ ነው። ሒሳብ መዝገብ መያዝ የሚችል ወጣት የሚፈልገው መሥሪያ ቤት ብዙ ነበር፣ የሚችለው ወጣት ግን በጣት የሚቆጠር። እንዲህ በሆነ ጊዜ ደግሞ ማን ማንን ይመርጣል? ተፈላጊው ተማሪው ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወረሱ። ለአካውንታንት የሚሆን ቀጣሪ ሁሉ አንድ ሆነ፣ እሱም መንግሥት። ምሩቅ አያመለክትም፣ ይመደባል። አጎቴ ከኮሜርስ በዲፕሎማ የወጣው በ1973 ዓ.ም ነው። ስሙን ከሰሌዳ ላይ ሲያነብ ባሌ፣ የመንግሥት እርሻ ሒሳብ ክፍል ደርሶታል። የጓደኛዬን ነገር ስነግረው ሳቀና «እኔን ማንም ግሬዴን ጠይቆኝ አያውቅም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «የት መሥራት እንደምፈልግም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» ሲል ጨመረበት። የዚያ ዘመን ጥሩውም መጥፎውም በዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ከ1983 ዓ.ም ለውጥ በኋላ ለአካውንቲንግ ምሩቅ ምደባ ቀረ። በ1986 ዓ.ም የግል ባንክ የሚፈቅደው አዋጅ ወጣ፣ በ1987 አዋሽ ባንክ ተቋቋመ፣ ዳሸን፣ አቢሲኒያና ወጋገን ተከተሉ። የቫካንሲ ዘመን ገባ። አራት ኪሎ ሰሌዳ ስር ቆሞ ማንበብ፣ ጋዜጣ ተከራይቶ የሥራ ማስታወቂያ ገጹን ብቻ መገልበጥ፣ ከዚያ በቡናማ ፖስታ ማስረጃ ይዞ መዞር።

እንደዚያም ሆኖ ምሩቁ ገና ጥቂት ነበር። በ1983 አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ናቸው፤ አዲስ አበባና አለማያ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በዚያ ላይ የግል ኮሌጆችን ጨምሩ። አካውንቲንግ ላብራቶሪ አይፈልግም፤ ክፍል፣ ሰሌዳና መምህር ካለ ይከፈታል። ስለዚህ ያልከፈተው የለም ማለት ይቻላል።

እስቲ አሁን ራሳችሁን የሰው ኃይል ኃላፊው ወንበር ላይ አስቀምጡ። ሃያ ክፍት ቦታ አለ እንበል፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሺህ ማመልከቻ ተከምሯል። ሁሉንም መፈተን አይቻልም። የሆነ ቦታ መቁረጥ ግድ ነው፣ የተቆረጠበት ቦታ ደግሞ ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚገኝለት መሆን አለበት። 3.00 ዘመድ የለውም፣ ስልክ አይደወልለትም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አጎት ባንክ ውስጥ ለሌለው ልጅ ይሄ ቁጥር ውለታ ውሎለታል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ግሬድ በከርቭ ሲሰጥ ተማሪውን የሚያወዳድረው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ነው። የጎበዞች ክፍል ውስጥ የተገኘ 2.97 እና ሌላ ቦታ የተገኘ 3.40 የትኛው እንደሚበልጥ ወረቀቱ አይናገርም። ደግሞም አመልካች ሲበዛ ቁጥሩ ወደ 3.25 ከፍ ይላል። ሥራው ስለከበደ አይደለም፣ ሰልፉ ስለረዘመ ነው።

ሌላ አገርም ሰልፍ አለ። ህንድን ብንወስድ፣ እዚያ ቻርተርድ አካውንታንት የሚባለው ዲግሪ የያዘ ሳይሆን የሙያ ተቋሙን ፈተና ያለፈ ነው። አዲስ ያለፉትን ከቀጣሪዎች ጋር የሚያገናኘውም ራሱ ተቋሙ ነው። ቀጣሪዎቹ ፈተናውን በስንተኛ ሙከራ እንዳለፉ ያያሉ፣ ይሄም ጨካኝ ወንፊት ነው። ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ይጨምራሉ፦ ልምምድህን የትኛው ኦዲት ድርጅት ነው የሠራኸው? እጅህ ምን ነክቷል ማለታቸው ነው። እኛ ጋ አፓረንትሺፕ የወጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ኮፒ ሲያነሳ ይከርማል። ከምረቃ በኋላ ደግሞ በራሱ ገንዘብ ፒችትሪ ይማራል።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም ላይ አንድ አዲስ ነገር መጣ፣ የመውጫ ፈተና። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። የጎንደሩም የሐዋሳውም፣ የግሉም የመንግሥቱም የአካውንቲንግ ተማሪ አንድ ዓይነት ወረቀት ላይ ይቀመጣል። ስንወደውም ስንጠላውም ሁሉንም በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀመጠ ነገር ነው። ጓደኛዬ 71 አምጥታ አልፋለች። ታዲያ ያ ባንክ ውጤቷን አይቶ ነበር? አላየም። ማስታወቂያው «የመውጫ ፈተና ያለፈ/ች» ይልና ከሥሩ ያንኑ 3.00 ይደግመዋል። በአዲሱ ወንፊት ላይ አሮጌውን ደረቡበት እንጂ አልተኩትም።

እኔ ማጣሪያ ይቅር አላልኩም፣ ያለ ማጣሪያ የሚመጣውን እናውቀዋለን። ግን ለሁሉም እኩል የሆነ ፈተና ከተገኘ በኋላ እኩል ያልሆነውን ቁጥር በር ላይ ማቆም ምን ይባላል? ፈተናውን ያለፉትን በፈተናው ውጤት ደርድሮ ለመጀመሪያዎቹ መቶ ሰዎች አንድ ቀላል የባንክ ማስታረቂያ ሒሳብ መስጠት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ጓደኛዬ ሰኞ ደግሞ ልታመለክት ነው። እስከዚያው 2.75 የሚል ማስታወቂያ ያየ ካለ ይንገረኝ።