ነባሩና አዲሱ የኮምፒዩተር ቋንቋ

በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ያሉ ጤና ጣቢያዎች የወለዱትን እናቶችና የተከተቡትን ሕፃናት ቆጥረው በየደረጃው ያስታውቃሉ። ቁጥሩን ለመሰብሰብ ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሚገለገልበት መሣሪያ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ይባላል። ያሰናዳውም የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 መጀመሪያ በሥራ የዋለው በህንድ አገር፣ በኬረላ ነው። የእኛን ባለ 13 ወር አቆጣጠርም ያውቃል።

መሠረቱ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው በጃቫ ነው። ጃቫ እያንዳንዱ ነገር ቁጥር ይሁን ቃል አስቀድሞ እንዲነገረው ይሻልና፣ ብዙውን ስሕተት ከሥራ በፊት ይይዛል፤ ለለውጥ ግን ይከብዳል። በዚያው ዓመት የተወለደው ጃቫስክሪፕት ለመለወጥ ይፈጥናል፤ ስሕተቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ሥራ ላይ ሲውል ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የቁጥሩን ጎተራ ለጃቫ ትተው፣ ሠራተኛው የሚያያቸውን ገጾች በጃቫስክሪፕትና ሪአክት በተባለው ማዕቀፍ ቀስ በቀስ አደሱ። ሁለቱ የሚነጋገሩት ኤ.ፒ.አይ. በሚባል የታወቀ በር ነው።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ የብዙ ዓመት ቆጠራ ለአደጋ በተጋለጠ ነበር። ነባሩን ግድግዳ ሳይመረምር አዲስ ክፍል የሚቀጥል አናጢ ቤቱን ያዘማልና፣ እኛ ተማሪዎች ሁለቱንም ቋንቋ ብንማር ይበጀናል።