እስትንፋስን መመዘን፦ የሞተር አየር መለኪያ ታሪክና የፈረስ ጉልበት ፍለጋ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ትንሽ መሣሪያ ታሪክ ላይ ያተኩራል። መሣሪያው በአየር ማጣሪያውና በሞተሩ መካከል ተቀምጦ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባውን አየር ይለካል። የአሠራሩ ጥልቅ ዝርዝር የምህንድስና ባልደረቦቻችን ድርሻ ነው። እኔን እንደ ታሪክ መምህር የሳበኝ ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ አየርን ለማጽዳት በወጣ ሕግ ግፊት የተስፋፋ መለኪያ ለኃይል ፈላጊዎች በር ከፋች የሆነው እንዴት ነው?

ነገሩን ከመሠረቱ እንያዘው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ስለሆነም የሞተሩን ጉልበት ለመጨመር የሚሻ ሰው ካምሻፍት ቢለውጥም፣ የአየር መግቢያውን ቢያሰፋም፣ ተርቦ ቢገጥምም፣ የሥራው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ብዙ አየር ወደ ውስጥ ማስገባት። የገባውን አየር መጠን ያላወቀ ደግሞ የሚመጥነውን ነዳጅ ሊሰጥ አይችልም።

ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህን ሚዛን የጠበቀው ካርቡራተር ነበር። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ፈሳሽ በጠባብ አንገት ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ይቀንሳል። በካርቡራተሩ አንገት የሚያልፈው አየርም በዚሁ ሕግ መሠረት ነዳጁን ወደ ራሱ ይስባል። በዚያ ዘመን የተሽከርካሪን ጉልበት የሚያሻሽለው ባለሙያ መሣሪያዎቹ ጆሮው፣ አፍንጫውና የካንዴላው ቀለም ነበሩ። ዕውቀቱ በእጁ ላይ ነበር።

ለውጡ የመጣው ኤሌክትሮኒክስ ወደ ሞተሩ ሲገባ ነው። የአሜሪካው ቤንዲክስ ኩባንያ በ1950ዎቹ ማብቂያ የሞከረውን የነዳጅ መርጫ ሐሳብ የጀርመኑ ቦሽ አዳብሮ እ.ኤ.አ. በ1967 ዲ-ጄትሮኒክ በሚል ስም ለቮልስዋገን አበቃው። ይህ ሥርዓት አየሩን በቀጥታ አይለካም ነበር፤ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት አይቶ የአየሩን መጠን ይገምታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተከተለው ኤል-ጄትሮኒክ ደግሞ በአየሩ ግፊት የሚከፈት ክንፍ ነበረው። ከዚያም በ1980ዎቹ የጋለው ሽቦ ተስፋፋ። የዚህ መሣሪያ ንድፈ ሐሳብ ግን ቀድሞ የተወለደ ነው፤ ካናዳዊው ሉዊስ ኪንግ በነፋስ መካከል ያለ ቀጭን የጋለ ሽቦ ሙቀቱን እንዴት እንደሚያጣ በ1914 በስሌት አሳይቶ ነበር። ብዙ አየር ሲያልፍ ሽቦው ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ መጠንም የአየሩን ክብደት ይናገራል።

በክንፉና በሽቦው መካከል ያለውን ልዩነት እኛ በደጋ የምንኖር ሰዎች በቀላሉ እንረዳዋለን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ከፍታን የሚያርም ረዳት የሌለው ክንፍ እዚህ ቢሠራ አየሩን ከእውነተኛ ክብደቱ 12 በመቶ ያህል አስበልጦ ይቆጥረዋል፤ ነዳጁም ይበዛል። ሽቦው ግን ክብደቱን ራሱን ስለሚለካ በቆላም በደጋም ቃሉ አይለወጥም።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያስገደደው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ከመኪና የሚወጡ ዋና ዋና በካይ ጋዞች በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሦስቱንም ዋና በካዮች አንድ ላይ እንዲያጠፋ ከተፈለገ የአየርና የነዳጁ ምጣኔ እጅግ በጠበበ ወሰን ውስጥ መቆየት አለበት። ግምት ብቻውን ለዚህ አልበቃም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ለምሳሌ የምወስደው ፎርድ ሙስታንግን ነው። ባለ 5 ሊትሩ ሞተር ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በተራው ነዳጅ የሚረጭ ሥርዓት ሲገጠምለት፣ የአየሩ መጠን የሚሰላው ከማኒፎልዱ ግፊት ነበር። የኮምፒዩተሩ ሠንጠረዥ የተዘጋጀው ለፋብሪካው ሞተር ብቻ ነው። ባለቤቱ ካምሻፍቱን ሲለውጥ የማኒፎልዱ ግፊት ይዛባል፤ ኮምፒዩተሩም ሞተሩ የከበደው ይመስለውና ነዳጅ ያበዛል። ፎርድ በ1988 በካሊፎርኒያ፣ በ1989 በመላው አሜሪካ ወደ ጋለው ሽቦ ሲሸጋገር ግን ነገሩ ተገለበጠ። አዲሱ መሣሪያ የገባውን አየር ራሱን ስለሚለካ ለውጡን በልክ ተከታተለው። ለጽዳት የተሰለፈው ዳሳሽ ለጋራዡ ባለሙያ ነፃነት ሰጠው።

ይሁን እንጂ ነፃነቱ ፈተና አስከተለ። ኃይል ሲጨምር በሰዓት 19 ፓውንድ የሚረጨው የፋብሪካው ኢንጀክተር አልበቃም፤ 30 ፓውንድ የሚረጭ ተተካ። ኮምፒዩተሩ ግን አሮጌው ያለ ይመስለዋል። ገበያው ያመጣው መፍትሔ ሆን ተብሎ የሚያሳንስ መለኪያ ነበር፤ 100 ግራም አየር ሲያልፍ 63 ግራም ብቻ ይናገራል። በዚህ መንገድ ነዳጁ ይስተካከላል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የካንዴላውን ብልጭታ ጊዜ የሚወስነውም በዚሁ ቃል ነው። ሞተሩ የቀለለው ስለሚመስለው ብልጭታውን ያስቀድማል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሲብስም ፒስተኑ ይሰበራል። በአንድ ጉዳይ የተነገረ ሐሰት በሌላው ጉዳይ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለታሪክ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ላስምርበት። መለኪያ ምስክር ነው። ማንኛውንም ሰነድ ስንመረምር ማን፣ ለማን፣ በምን ዓላማ ጻፈው ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ ለቁጥርም ይኸው ጥያቄ ይገባዋል። ቁጥር ከማሽን ስለወጣ ብቻ ከዓላማ የጸዳ አይሆንም።

ሁለተኛው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። ሰው በገንዘቡ የገዛውን ሞተር እንደወደደ የማሻሻል መብት አለው የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ የዕውቀትና የፈጠራ ምንጭም ሆኗል። ሆኖም ሞተሩ የባለቤቱ ሲሆን ጭሱ የጎረቤት ጭምር ነው። ካሊፎርኒያ በዚህ መካከል የሠራችው መንገድ ትኩረት የሚገባው ይመስለኛል፦ ተጨማሪው ዕቃ ተፈትኖ ብክለትን እንደማይጨምር ከተረጋገጠ የፈቃድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መኪናውም በሕጋዊ መንገድ ይነዳል። ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በሻጩ ላይ ወደቀ፤ የማሻሻሉ በር ግን አልተዘጋም።

በእኔ እምነት የዚህ ታሪክ ትምህርት እዚያ ላይ ነው። ሕግ መለኪያን አስፋፋ፤ መለኪያው ፈጠራን አበረታ፤ ፈጠራው ደግሞ መለኪያውን እስከ ማሳሳት ሄደ። በዚህ ዑደት ውስጥ ያገለገለው እውነተኛ ቃል የሰጠ መሣሪያና ቃሉን መመርመር የቻለ ባለሙያ ነው። ምህንድስና የሚማሩትም ታሪክ የሚማሩትም ልጆቻችን ይህን አንድ ልማድ ቢጋሩ፣ ማለትም ቁጥሩን ከመቀበላቸው በፊት አመጣጡን ቢጠይቁ፣ ሁለቱም ሙያዎች ይጠቀማሉ።