በጆሮ ገጽ መግለጥ

ሰቆጣንና ዋግን ጨምሮ በደጋው አገራችን ዓይነ ስውር የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ዜማንና ቅኔን ከመምህሩ አፍ በጆሮው እየተቀበለ በቃሉ ሲያጠና ኖሯል። ስለዚህ በጆሮ መማር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አዲሱ መሣሪያው ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. አሜሪካዊው ቴድ ሄንተር፥ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አውስትራሊያዊው ማይክል ከራን፥ ሁለቱም ዓይነ ስውራን ሲሆኑ፥ የኮምፒዩተርን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነቡትን ጆስንና ኤንቪዲኤን አስጀመሩ። ኤንቪዲኤ በነጻ ይታደላል።

ብዙ ገጾች በተከፈቱ ጊዜ ኮንትሮልና ታብ የተባሉት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ወደሚቀጥለው ገጽ ያሻግራሉ፤ ሺፍት ሲጨመር ወደ ኋላ ይመልሳሉ። መሣሪያውም የደረሱበትን ገጽ ስም ይጠራል። የሚያይ ሰው በዓይኑ ይለያል፤ ሰሚው ግን በስሙ ነው። እንግዲህ ገጽ የምታዘጋጁ ሁሉ፥ ለእያንዳንዱ የተለየ ስም አውጡለት፤ ስም የሌለው ገጽ አንባቢውን መንገድ ያስታልና።